የመሃሉ ግድግዳ

«አሮጊቷ እንደሆነች ዓይኗ አያይም፤ እህቴ እጇን ይዛ ታስፈርማታለች።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ የደንበኛ ሸሚዝ ኮሌታ እየተኮሰች ነበር። ድምፁ የታላቅ ወንድሟ ነው፤ የመጣውም ከኮምፔንሳቶው ማዶ። ማዶ የነበረው ሞባይል ቤት ባለፈው ሳምንት ዕቃውን ጭኖ ስለለቀቀ ክፍሉ ባዶውን ቀርቷል፤ ባዶ ክፍል ደግሞ ምስጢር አይቋጥርም። ካውያውን ብድግ አድርጋ እንደያዘች ጆሮዋን ጣለች። «ዕቃቸውስ ጋሼ?» አለ ሌላ ሰው። የግንበኞቹ ፎርማን ነው፤ ትናንት ኮሪደሩን በሜትር ሲለካ አይታዋለች። «ዕቃዋ አንድ አልጋና አንድ ሳጥን ነው። ከክሊኒክ ሲወጡ መኪናው በቀጥታ ወደ አዲሱ ክፍል ይወስዳታል። እናንተ እነሱ ከግቢ እንደወጡ ግድግዳውን ጀምሩ። ፊርማው ከሰዓት በፊት እጄ ይገባል።» ፎርማኑ የሆነ ነገር አጉተመተመ። ወንድሟም «እኔ እያለሁ ምን ያሰጋሃል?» አለውና የሁለቱ እግር ወደ ኮሪደሩ ራቀ።

ቤቱ ሲሠራ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነበር፤ አሁን ሰባት ታፔላ ተለጥፎበታል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ መስኮቶች፣ ፎቁ ላይ የእንጨት በረንዳ፣ በረንዳው ላይ የሳተላይት ዲሽና የጠበቃ ማስታወቂያ። የልብስ ሰፊዋ ክፍልና ባዶው ሞባይል ቤት በፊት አንድ ሳሎን ነበሩ። በኮምፔንሳቶ ለሁለት ሲከፈሉ ጣሪያው ላይ ያለው የጄሶ አበባም አብሮ ተከፈለና ግማሹ አበባ የእሷ፣ ግማሹ የጎረቤት ሆነ። የአምፖሉ ቦታ ለጎረቤት ስለደረሰ እሷ በግድግዳ ላይ ሽቦ ጎትታ ነው የምታበራው። ከሳሎኑ ቀጥሎ ከፊት እስከ ጓሮ ድረስ ያለው፣ ክንድ ሙሉ ውፍረት ያለው የመሃሉ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ኮሪደሩና ትልቁ የእንጨት ደረጃ አለ፤ በደረጃው ሥር ደግሞ ሰዓት ሠሪው ቁም ሣጥን በምታክል ሱቁ ጎንበስ ብሎ ይውላል። ፎቁ ላይ የጠበቃው ቢሮ፣ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛና በጓሮ በኩል የአክስቷ ክፍል ይገኛሉ። የቤቱ ግማሽ የአክስቷ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከአባታቸው ለእሷና ለወንድሟ የደረሰ። አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ የታችኛውን ወለል በሙሉ ሊከራይ ፈልጓል፤ አልጋና ሶፋ ለመደርደር ግን መሃሉ ላይ ግድግዳ አልፈልግም ብሏል።

ወንድሟ ዞሮ በሯ ላይ ቆመ። ፊቱ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር። «እንዴት አደርሽ እህት ዓለም? የአክስት ቀጠሮ አራት ሰዓት ነው፤ ሹፌሩ ውጪ ይጠብቃችኋል። ይቺን ደግሞ እዚያ ተራ ስትጠብቁ አስፈርሚልኝ።» በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት የመስፊያ መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠላት። ምንድን ነው ብላ ብትጠይቀው «የቤቱ ነገር ነዋ። ለክሊኒኩ ምዝገባ ነው በያት፤ ብታስረጃት ነገር ታበዛለች» አላት። ከዚያ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ ድምፁን አለሰለሰ። «የዚህ ቤት ጣሪያ ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ አፈሰሰ። ማን ወጣ? እኔ። አሥራ ሁለት ዓመት ይሄን ቤት በጀርባዬ ተሸከምኩት። እሷስ አንድ ቀን ከዚያ ደረጃ ወድቃ ብትሰበር ማን ሊጠየቅ ነው? ንጹሕ፣ ደረጃ የሌለው ክፍል አግኝቼላታለሁ። ለአንቺም በሩ ጎን ያለችውን፣ መስታወት ያላትን ክፍል ከነጋዴው ጋር ጨርሼልሻለሁ።» ያቺን ክፍል ስድስት ዓመት ተመኝታታለች። መንገደኛ ሁሉ የሰፋችውን ቀሚስ ቆሞ የሚያይባት ክፍል ናት። «ሰምቼሃለሁ፣ ስትሉ የነበረውን ሁሉ ሰምቼአለሁ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። እዚያው ዋጠችው። «እሺ፣ ጋሼ» አለች።

ደረጃውን ስትወጣ ከሠልጣኞቹ ጋር እየተጋፋች ነው የወጣችው። አሥራ ስምንት ወጣቶች ናቸው፣ ሁለት ሁለት እያሉ፣ እየተሳሳቁ፤ እንጨቱ ከእግራቸው በታች እንደ አሮጌ አልጋ ይንቋቋል። አክስቷ ለባብሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሠላሳ ዓመት በሕንፃ ሥራ መሥሪያ ቤት የቤት ንድፍ ሲያነሱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ተከራዮቹ በቀልድም በአክብሮትም «ኢንጂነሯ» ይሏቸዋል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሰውን ፊት እንደ ጭጋግ ነው የሚያዩት፤ ቤቱን ግን በእጃቸው ያውቁታል። «ዛሬ አረማመድሽ ከበደኝ» አሏት ገና ከመግባቷ። «ምን ተሸክመሻል?» ምንም አለመያዟን ነገረቻቸው። ሲወርዱ የአክስቷ ግራ እጅ በእሷ ክንድ ላይ፣ ቀኙ በግድግዳው ላይ እየዳሰሰ ነበር። ደረጃው መሃል ያለው ማረፊያ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ሰው ታች ግድግዳውን ሲያንኳኳ ነበር ጠዋት። አይጥ ነው እንዳትይኝ። አይጥ መዶሻ አይዝም።» ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ሳቋ ለራሷም አላማራትም።

ክሊኒኩ ውስጥ ወንበሮቹ በሙሉ ተይዘው ነበርና አንድ ጎልማሳ ተነስቶ ለአክስቷ ቦታ ለቀቀላቸው። ነርሷ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ጨምራ እስኪሠራ ጠብቁ አለቻቸው። ጠብታው የቀረውን ጭላንጭል እንኳ ስለሚጋርደው አክስቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። አንድ ሰዓት አለፈ። ቁጥር ይጠራል፣ ሰው ይነሳል፣ ሰው ይቀመጣል። ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። አሁን ልንገራቸው አለች በልቧ፤ ይቺ ሴትዮ ትነሳና ልንገራቸው፣ ከዚያ ደግሞ ያ ሰውዬ ስልኩን ይጨርስና። መስታወት ያላት ክፍል ዓይኗ ላይ ትመጣለች። ወንድሟ ጣሪያው ላይ በዝናብ ሲወጣ ትዝ ይላታል፤ ያ እውነት ነው፣ ሌላ የወጣ የለም። ለእሳቸውም መሬት ላይ ያለ ክፍል ይሻላቸው ይሆናል። በመጨረሻ ወረቀቱን አውጥታ ቦርሳቸው ላይ ዘረጋችና እስክሪብቶውን በጣቶቻቸው መሃል አስገባች።

«ለምዝገባ ነው፣ አክስቴ። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

እጃቸውን ይዛ ወደ መስመሩ ወሰደችው። እጃቸው ደረቅና ቀላል ነበር፤ አልተቃወመም። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ ድሮው የንድፍ ፊርማቸው ጠበብና ዘንበል አድርገው ፈረሙ። እስክሪብቶውንም ክዳኑን ፈልገው ከደኑት። ከዚያ ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«አሁን አንብቢልኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«የፈረምኩትን። ለምዝገባ ሁለት ገጽ አይፈረምም። እሱን ያህል ጣቴም ያውቃል።»

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። «ታዲያ ካወቁ ለምን ፈረሙ?»

«እጄን የያዝሽው አንቺ ነሽ። የምታደርጊውን ለማየት ፈልጌ ነው» አሉ አክስቷ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ። «አየሁ። በይ አንብቢ።»

አነበበች። አጠገባቸው ያለችው ሴትዮ እንዳትሰማ በሹክሹክታ ጀመረች፤ አክስቷ ግን «ድምፅሽን አውጪ» አሏት። በአንደኛው ገጽ ክፍላቸውን በፈቃዳቸው መልቀቃቸው ተጽፏል። እዚያ ላይ አክስቷ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። በሁለተኛው ገጽ «የታችኛው ወለል ለአንድ ተከራይ እንዲመች በመሃል ያለው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ እንዲፈርስ ተስማምቻለሁ» ይላል። እዚህ ስትደርስ ክንዷን አፈፍ አድርገው ያዟት።

«የቱ ግድግዳ? ደረጃው ጎን ያለው?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«እኛ ከግቢ እንደወጣን ጀምሩ ሲላቸው ሰምቻለሁ።» ሰምቻለሁ ማለቷን ራሷ የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። አክስቷ ግን ለዚያ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ተነስተው ቆመዋል። «ማረፊያውን የተሸከሙት ወራጅ እንጨቶች ጫፋቸው ያረፈው እዚያ ግድግዳ ውስጥ ነው። የሥልጠናው ክፍል ወለልም እንደዚያው። አባቴ ሲያሠራው ስንት ቀዳዳ እንደተተወለት ቆጥሬአለሁ፤ አሥራ አንድ። ስንት ሰዓት ነው?» ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። «ልጆቹ ስንት ሰዓት ይለቀቃሉ?» «ሰባት ላይ።» «አሥራ ስምንት ሰው በአንድ ጊዜ ያን ደረጃ ሊወርድ ነው» አሉና፣ ወረቀቱን ከእጇ ወስደው ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው፣ የጨፈኑትን ዓይናቸውን ሳይገልጡ ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ።

ወንድሟ ስልክ አያነሳም። የማሠልጠኛው አስተማሪ ክፍል ስትገባ ስልኳን እንደምትዘጋ ታውቃለች። ሰዓት ሠሪው አነሳ፤ ከበስተጀርባው የመዶሻ ድምፅ ዱም ዱም ይላል። «አልሰማሽም እቴ! ግድግዳውን እየናዱት ነው! ሱቄ በሙሉ አቧራ ሆነ!» ብሎ ጮኸና መስመሩ ተቋረጠ። የወንድሟ ሹፌር ደግሞ እኔ የታዘዝኩት ወደ አዲሱ ክፍል ነው ብሎ ድርቅ አለ። ጥለውት ታክሲ ያዙ። መንገዱ በመኪና ታጭቆ ነበር፤ መብራቱ ሦስት ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ እነሱ ካሉበት ፈቀቅ አላሉም። ልብስ ሰፊዋ የስልኳን ሰዓት ደጋግማ ታያለች። ይቅርታ ልትጠይቅ ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። አክስቷ ግን በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መስመር እያሰመሩ የሆነ ነገር ያሰላሉ፤ መኪናው ውስጥ ብቻቸውን የተቀመጡ ይመስላሉ። ግቢው በር ላይ ሲወርዱ ስድስት ከሠላሳ አምስት ሆኗል።

ከመግቢያው ጀምሮ ኮሪደሩ በነጭ አቧራ ታፍኗል። ከሞባይል ቤቱ በኩል የመሃሉ ግድግዳ ሰው አጎንብሶ ሳይሆን ቀጥ ብሎ የሚያልፍበት፣ አልጋ የሚያሳልፍ ክፍተት ሆኗል። ድንጋዮቹ ወለሉ ላይ ተከምረዋል፤ ሦስት ግንበኞች ከክምሩ አጠገብ ቆመው ውሃ ይጠጣሉ። ወንድሟና የቤት ዕቃ ነጋዴው ክፍተቱን በእጃቸው እየለኩ ነበር። ወንድሟ አክስቱን ሲያይ ደሙ ከፊቱ ወረደ፤ ወዲያው ግን ወደ እህቱ ዞረ። «ምን አድርገሽ ነው የመለስሻት?» አክስቷ ለእሱ መልስ ሳይሰጡ «ፎርማኑ የታል?» አሉ። ፎርማኑ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ። እጁን ያዙና መዳፉን ከክፍተቱ በላይ፣ ከደረጃው ማረፊያ ሥር ባለው ልስን ላይ ለጠፉት። «ምን ይሰማሃል?» ፎርማኑ ልስኑን በጣቱ ተከተለ። «ስንጥቅ አለ፣ እማማ። ግን የልስን ስንጥቅ ሊሆን ይችላል።» «ይቻላል። ጄሶ አለህ? ቀጭን መስታወት ፈልግና ስንጥቁ ላይ አጋድመህ በጄሶ ለጥፈው። ግድግዳው ከቆመ መስታወቱም ይቆማል።» ሰዓት ሠሪው ከሱቁ ጣት የምታክል ስስ መስታወት ይዞ ወጣ። «ሃያ ዓመት ከዚህ ደረጃ ሥር ስቀመጥ በራሴ ላይ ሰው ይረግጣል እንጂ ቤት ይወድቃል ብዬ አስቤ አላውቅም» አለ፤ ማንም አልሳቀለትም።

መስታወቱ ተለጠፈ፤ ጄሶው ደረቀ። ሁሉም ቆመው ያቺን ጣት የምታክል ነገር ያያሉ። ወንድሟ «ተከራይ እያሸበራችሁብኝ ነው» እያለ ይንቆራጠጣል። ነጋዴው ቀስ በቀስ ወደ በሩ አፈገፈገ። ከላይ የሠልጣኞቹ ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ፤ አንዱ ምናልባት ውሃ ሊጠጣ ተነስቶ ይሆናል። ያኔ ነው ጥርስ ላይ የተሰበረ ጠጠር የሚመስል ድምፅ የተሰማው፤ ቅጭ። መስታወቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

«ሰው ከዚህ ይውጣ» አለ ፎርማኑ ለግንበኞቹ። «ቋሚ እንጨት አምጡ። ከሌላው ሥራ ቦታ በመኪና አምጡ፣ አሁን!» ከዚያ ቀና ብሎ ደረጃውን አየ። «ከላይ ያሉትስ በምን ይውረዱ?»

«በአገልጋዮች ደረጃ» አሉ አክስቷ። «ከጠበቃው መዝገብ ቤት ወደ ጓሮ የሚወርድ ጠባብ ደረጃ አለ፤ በውጪው ግድግዳ በኩል ነው፣ ይሄን አይነካም። ክፍሉን ሲያከራዩት በኮምፔንሳቶ ደፈኑት። ታች የሚወጣው አንቺ ክፍል ነው» አሏት ለልብስ ሰፊዋ፤ «ከጨርቅ መደርደሪያሽ ጀርባ።» ልብስ ሰፊዋ ከመደርደሪያው ጀርባ ቀለም የተቀባ በር እንዳለ ታውቃለች፤ ዕድሜዋን ሁሉ የቆጣሪ ሣጥን ይመስላት ነበር። ፎርማኑና ሰዓት ሠሪው ወደ ክፍሏ ሮጡ። ላይ ወጥቶ ልጆቹን የሚያስቆም ሰው ግን ያስፈልጋል። ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ሁሉም ደረጃውን አየ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። «እኔ ቀላል ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። አክስቷ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ መለሱ። «ጫማሽን አውልቂ። በግድግዳው በኩል አትርገጪ፤ በውጪው ጠርዝ፣ ምስማሮቹ ባሉበት። ማረፊያው ላይ አትቁሚ።»

ባዶ እግሯን ወጣች። እያንዳንዱን እርከን በጣቷ ጫፍ እየሞከረች፣ ትንፋሿን ይዛ። ማረፊያው ላይ ስትደርስ ወለሉ ወደ ግድግዳው በኩል ዘንበል ማለቱ በእግሯ መዳፍ ታወቃት፤ ሦስቱን እርምጃ እንዴት እንዳለፈች ኋላም አላስታወሰችውም። የማሠልጠኛውን በር ስትከፍት አስተማሪዋ ሰሌዳ እያጠፋች፣ ግማሾቹ ልጆች ቦርሳቸውን አንስተው ነበር። «ማንም በደረጃው እንዳይወርድ! ተከተሉኝ!» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። ጠበቃው መዝገብ ቤቱ በር ላይ ክንዱን ዘርግቶ ቆመ። «የደንበኞች ምስጢር ነው! በሕግ እጠይቃችኋለሁ!» አስተማሪዋ ረጋ ብላ «በሕይወት ካለን ትጠይቀናለህ» ብላ በክንዱ ሥር አለፈች። ልጆቹ መደርደሪያዎቹን ሳቡ፤ ፋይል በፋይል ላይ ፈሰሰ። ኮምፔንሳቶውን በወንበር እግር መቱት፤ ሦስተኛው ምት ላይ ተቀደደና ከውስጥ የታሸገ አየር ሽታ ወጣ። ጠባብ፣ ጨለማ፣ ሰው ትከሻውን አጥብቦ የሚወርድበት ደረጃ ነበር። ከታች የፎርማኑ ድምፅ «ተከፍቷል! አንድ በአንድ!» ሲል ሰሙ። የስልክ መብራት እያበሩ ወረዱ። ጠበቃው አንድ ማህደር ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ማንንም ሳያይ ወረደ።

አሥራ ስድስተኛው ልጅ ሲገባ ከትልቁ ደረጃ በኩል የወንድሟን ጩኸት ሰማች። «ይኸው! ይኸው ቆሜበታለሁ! የታለ የሚወድቀው?» በፎቁ ኮሪደር ሮጣ ደረጃው አናት ላይ ስትደርስ አየችው። ማረፊያው መሃል ላይ ቆሞ፣ በሩ ላይ ለተሰበሰቡት ለነጋዴውና ለመንገደኛው እጁን ዘርግቶ፣ በተረከዙ ወለሉን ይደልቃል። ፊቱ በአቧራና በላብ ተለውሷል። አሥራ ሁለት ዓመት የተሸከመውን ቤት አንድ መስታወት አሳጣው እንዳይባል የሚሟገት ይመስላል። «ጋሼ፣ ተው! ጋሼ!» አለችው። ቀና ብሎ አያት፤ ሊመልስላትም አፉን ከፈተ። ወለሉ በዚያች ቅጽበት ከሥሩ ተንሸራተተ። ድምፁ እንደ ፍንዳታ አልነበረም፤ ረጅም፣ የሚያቃስት፣ ምስማር ከእንጨት ሲነቀል የሚሰማ ድምፅ ነው። ማረፊያው በግድግዳው በኩል የክንድ ያህል ወረደና ተሰክቶ ቀረ፤ የታችኛው እርከኖች ግን ተገንጥለው ሰዓት ሠሪው ሱቅ ላይ ተከመሩ። ወንድሟ የእጅ መደገፊያውን ይዞ ተንጠለጠለ። እሷ በሆዷ ተኝታ ከላይኛው እርከን እጇን ዘረጋች። ሁለት ጊዜ ጣቶቹ አመለጧት። ሦስተኛው ላይ የእጁን አንጓ ያዘችው፤ አስተማሪዋ ደግሞ የእሷን ወገብ ያዘች። ጎተቱት። ላይ ሲደርስ እንደ ሕፃን ተንበርክኮ ቀረ፤ መዳፎቹ ተልጠው ይደማሉ።

አብረው በአገልጋዮች ደረጃ ወረዱ። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ ጨለማው ውስጥ የሱ ትንፋሽ ብቻ እየተሰማ። በተወለደበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ደረጃ መኖሩን አያውቅም ነበር። በታችኛው በር ብቅ ሲሉ ክፍሏ በልጆች ተሞልቷል፤ ለነገ ቀጠሮ የነበረ ነጭ ቀሚስ ወለሉ ላይ ወድቆ የአሥራ ስምንት ሰው ጫማ አልፎበታል። አክስቷ ከመስፊያ መኪናው ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚወርደውን በድምፁ ይቆጥሩ ነበር። «ሃያ ሁለት» አሉ እሷ ስትወጣ። «ሌላ ላይ የቀረ አለ?» «የለም፣ አክስቴ።»

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣ። ፎርማኑ ባስመጣው ቋሚ እንጨት የተደገፈውን ክፍተት አይቶ፣ በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጥፎ፣ ተከራዩን ሁሉ መንገድ ላይ አቁሞ መጠየቅ ጀመረ። ማን አዘዘ? ወንድሟ፣ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ «እኔ ነኝ፤ ግን አክስቴም ተስማምታ ፈርማለች» አለ። ተቆጣጣሪው ወደ አክስቷ ዞረ። «ፈርመዋል እማማ?» አክስቷ ቦርሳቸውን ከፍተው ወረቀቱን ሰጡት። «ፊርማው የኔ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ተቆጣጣሪው መጻፍ ጀመረ። እዚያ ላይ ቢቆም ነገሩ ለወንድሟም ለእሷም ባለቀ ነበር፤ አሮጊቷ ፈቀዱ፣ ግንበኛ ተሳሳተ፣ ሰው አልሞተም። ወንድሟ ዓይኗን ይፈልጋል። የቤትን ጉድ መንገድ ላይ አታውጪው የሚል ዓይን ነው። ሰዓት ሠሪው፣ ጠበቃው፣ አስተማሪዋ፣ ሁሉም ቆመዋል።

«እጃቸውን ይዤ ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «ለክሊኒክ ምዝገባ ነው ብዬ ዋሽቻቸው። ግድግዳው እንደሚፈርስ ከጠዋት ጀምሮ አውቃለሁ። የሰማሁት በጆሮዬ ነው።»

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን አቁሞ አያት። «ይሄን ስጽፈው ስምሽም አብሮ እንደሚገባ ታውቂያለሽ?» «አውቃለሁ» አለች። ወንድሟ ፊቱን አዙሮ፣ የተጠቀለለ እጁን እንደ ታመመ ሰው ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በመንገዱ ዳር ሄደ። ማንም አልጠራውም።

አመሻሹ ላይ አክስቷ ልብስ ሰፊዋ በሌላ ሰፈር ተከራይታ በምትኖርበት ክፍል፣ በእሷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሌላ የሚሄዱበት የለም፤ ወንድሟ ያገኘላቸውን ክፍል ቁልፍ እንኳ የት እንዳለ ማንም አያውቅም። ሻይ አፈላችላቸው። ግማሹን ጠጥተው አስቀመጡት። ጎረቤት የሚታጠብ ዕቃ ይንቋቋል። በመጨረሻ «ወንድምሽ እጁ ክፉኛ ተልጧል?» ብለው ጠየቁ። «ተልጧል።» «ነገ ሄደሽ እይው። ጠባሳው እንዳይበዛበት።» ይሄን ሲሉ ልቧ ተስፋ አደረገ። «እኔንስ፣ አክስቴ? ይቅር አሉኝ?»

«አላልኩሽም» አሉ። «እዚህ የተቀመጥኩት ደክሞኝ ነው። ይቅርታ በአንድ ቀን ተሰፍቶ የሚወጣ ሸሚዝ አይደለም።» ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ እንደ ታክሲው ውስጥ መንቀሳቀስ ጀመረ። «ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳው ተመልሶ ይሠራ ካለ ንድፍ ይጠይቃል። የድሮው ጠፍቷል፤ ያለው እዚህ ነው» ብለው ግንባራቸውን ነኩ። «እስከ መቼ እንደሚቆይ ደግሞ አላውቅም። ወረቀት አለሽ?»

የልብስ ቅድ የምታወጣበት ሰፊ ወረቀት ነበራት። መሬቱ ላይ ዘርግታ፣ አራቱን ጫፍ በመቀስ፣ በሻይ ብርጭቆና በሁለት ጫማ ያዘችው። አክስቷ ካሉበት ሳይነሱ ቁጥር መናገር ጀመሩ፤ እሷም ተንበርክካ በጣውላ ማስመሪያዋ ተከተለች። የፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ በሩ፣ የሳሎኑ ሁለት መስኮት። ከዚያ የመሃሉ ግድግዳ፤ ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ አሥራ አንዱ የወራጅ ቀዳዳ እያንዳንዱ ከየት ስንት ላይ እንደሚጀምር። ልብስ ለመለካት የለመደ እጇ ለግንብ መስመር እንግዳ ሆነ።

«አሠመርሽው?» አሉ አክስቷ።

«አሠመርኩት።»

«ቀንቷል?»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ አየችው። መስመሩ መጨረሻው ላይ የፀጉር ያህል ወደ ደረጃው ዘንበል ብሏል። እሷ ካልተናገረች የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«አልቀናም፣ አክስቴ።»

«አጥፊና ድገሚው» አሉ አክስቷ፤ እግራቸውንም አልጋው ላይ አወጡ።